የረዣዥም እንግሊዝኛ ቃላት አከፋፈል ታሪክ፤ የድምፅ መገጣጠሚያና የትርጉም መገጣጠሚያ

አንድ መሐንዲስ ያረጀ ድልድይ እንዲመረምር ሲላክ አስቀድሞ የሚያየው መገጣጠሚያውን ነው። ምሰሶውና አግዳሚው ምንም ያህል ጠንካራ ቢመስሉ፣ አንዱ ከሌላው የተያያዘበት ቦታ በሚገባ ካልታወቀ ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ለመናገር አይቻልም። ቃልም እንደዚሁ ነው። በተለይም በየዕለቱ በሥራችን ላይ የምናነባቸው ረዣዥም የእንግሊዝኛ ቃላት ከልዩ ልዩ ክፍሎች የተገጣጠሙ ሕንፃዎች ናቸው። መገጣጠሚያቸውን የማያውቅ አንባቢ ቃሉን እንደ አንድ ድንጋይ ተሸክሞት ይዞራል፤ የሚያውቅ ግን ፈታትቶ ይይዘዋል።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ዓይነት መገጣጠሚያ ያለው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የድምፅ መገጣጠሚያ ነው፤ ይኸውም ቃሉ በአፍ ሲነገር የሚከፋፈልባቸውን ክፍለ ቃላት የሚለይ ነው። ሁለተኛው የትርጉም መገጣጠሚያ ነው፤ ይህም የሥነ ልሳን ምሁራን ምዕላድ የሚሏቸውን፣ የየራሳቸው ፍች ያላቸውን የቃሉን አካላት የሚለይ ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገናኙም።

ለምሳሌ ያህል ቴርሞሜትር የሚለውን ቃል እንውሰድ። በትርጉሙ ሲከፈል ቴርሞ እና ሜትር ነው፤ የፊተኛው ከግሪክኛው «ሙቀት»፣ የኋለኛው «መለኪያ» ከሚለው የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን የድምፁን ጫና በመካከል ስለሚያሳርፍ «ተር-ሞም-ኢ-ተር» ብሎ ይከፍለዋል። የመለኪያው «ም» ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሙቀቱ ቤት ገባ ማለት ነው። ጆሮ እንደዚህ ሲከፍለው፣ አእምሮ ደግሞ በሌላ ቦታ ሊከፍለው ይፈልጋል።

በእነዚህ በሁለቱ መገጣጠሚያዎች መካከል ያለው አለመግባባት የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ አለው። ታሪኩ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን፣ የትምህርት ቤት መምህራንን፣ የኤሌክትሪክ ተመራማሪዎችንና በመጨረሻም ኮምፒዩተርን ይነካል። እኛንም ይነካናል፤ ምክንያቱም የሙያ ትምህርታችንን የቀሰምነው በዚሁ ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የሁለቱ መገጣጠሚያዎች ምንጭ

እንግሊዝኛ በመጀመሪያ በ5ኛው መቶ ዘመን ከዛሬዋ ሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ አካባቢ ባሕር ተሻግረው ወደ ብሪታንያ የገቡት የአንግሎችና የሳክሶኖች ቋንቋ ነበር። በዚህ በጥንቱ ክፍል ውስጥ የሚገኙት ቃላት አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ሁለቱ ሲጣመሩም የድምፁና የትርጉሙ መገጣጠሚያ በአንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ፏፏቴ ማለት የሆነው ዋተርፎል «ዋተር» (ውኃ) እና «ፎል» (መውደቅ) ተብሎ ሲከፈል ከጆሮም ከአእምሮም ጋር ይስማማል። የባቡር ሐዲድ የሆነው ሬይልዌይም እንደዚሁ ነው።

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ደግሞ በላቲን ይገለገሉ ነበር። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሊቃውንቱ የጥንት መጻሕፍትን በብዛት ማንበብ ስለያዙ ከላቲኑ በተጨማሪ የግሪክኛ ቃላት በገፍ ገቡ። እነዚህ መጤ ቃላት ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ እየጨመሩ የሚረዝሙ ናቸው። ሲረዝሙም ድምፃቸው በእንግሊዛዊው አፍ ውስጥ ስለተለወጠ የትርጉማቸው መገጣጠሚያ ተሸፈነ።

የራሳችንን የሙያ ቃል ኮንስትራክሽንን እንመልከት። በላቲኑ «ኮን» በአንድነት፣ «ስትራክት» የተደረደረ ወይም የተገነባ፣ «ኢዮን» ደግሞ የድርጊት ስም የሚያወጣ ባዕድ መድረሻ ነው። በትርጉሙ ሲከፈል «ኮን-ስትራክት-ኢዮን» ይሆናል። በአፍ ሲነገር ግን «ኮን-ስትራክ-ሽን» ነው። የግንባታው «ት» ወደሚቀጥለው ክፍል ከመሄዱም በላይ «ሽ» ወደሚል ድምፅ ተለውጧል። ግንባታን የሚያመለክተው ቃል ራሱ መገጣጠሚያውን ደብቋል ማለት ነው።

የባዕድ መነሻና የባዕድ መድረሻ ድርድር ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚያሳየው የታወቀ ምሳሌ አንቲዲስኤስታብሊሽመንቴሪያኒዝም የሚለው ባለ28 ፊደል ቃል ነው። በመካከሉ ያለው ዋና አካል «ኤስታብሊሽ» (መመሥረት፣ ማጽናት) ሲሆን፣ ከፊቱ «አንቲ» (ተቃዋሚ) እና «ዲስ» (ማፍረስ)፣ ከኋላው ደግሞ «መንት»፣ «ኤሪያን» እና «ኢዝም» ተቀጥለውበታል። ፍችውም ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት እንዳትለይ የሚከራከሩ ሰዎች አቋም ማለት ነው። ጉዳዩ በ19ኛው መቶ ዘመን በብሪታንያ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ በ1869 በወጣው ሕግም በአየርላንድ የነበረችው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ተለይታለች። ቃሉን በቃሉ ለመያዝ የሚሞክር ተማሪ ይደክማል፤ ስድስቱን ክፍሎች የሚያውቅ ግን ሳይደናገር ያነበዋል።

ማተሚያ ቤትና ጭረት

ቃልን መክፈል የዕለት ሥራ የሆነው በማተሚያ ቤት ነው። ጉተንበርግ በ1455 ገደማ በማይንዝ ከተማ ያተመው መጽሐፍ ቅዱስ በየገጹ ሁለት ዓምዶች፣ በብዙዎቹ ገጾች በየዓምዱ 42 መሥመሮች ያሉት ነበር። የመሥመሮቹ ስፋት እኩል እንዲሆን ሲባል በመሥመር መጨረሻ ላይ ያልበቃው ቃል ይቈረጥና ትንሽ ምልክት ይደረግበታል፤ ቀሪው ወደሚቀጥለው መሥመር ይወርዳል። ዛሬ ጭረት የምንለው ምልክት በኅትመት የተስፋፋው በዚህ አገልግሎት ነው።

ፊደል ለቃሚው ግን ጥያቄ ነበረበት፤ ቃሉን የት ላይ ይቍረጠው? የላቲን ሰዋስው መምህራን ያወረሱት አንድ ሕግ ነበር። ሕጉ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ ተነባቢ ከኋለኛው ጋር ይሂድ፤ ሁለት ተነባቢዎች ቢሆኑም ቃል ሊጀምሩ የሚችሉ ከሆኑ አብረው ይሂዱ ይላል። ይህ ሕግ ለላቲን ይስማማል። ለእንግሊዝኛ ግን አይስማማም፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ አናባቢው ረዥም ወይም አጭር መሆኑ ከኋላው በሚመጣው ተነባቢ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

መምህሩ ዌብስተር

በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ልጆች ማንበብ ከሚማሩባቸው መጻሕፍት አንዱ ቶማስ ዲልዎርዝ በ1740 ያሳተመው ነበር። ዲልዎርዝ የላቲኑን ሕግ ተከትሎ ልማድ ማለት የሆነውን ቃል «ሃ-ቢት»፣ ዘለላ ማለት የሆነውን «ክላ-ስተር» እያለ ይከፍል ነበር። ሕዝብ ወይም አገር ማለት የሆነውን ኔሽንን ደግሞ «ና-ቲ-ኦን» ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ በአፍ ሲነገር ግን «ኔይ-ሽን» ተብሎ በሁለት ብቻ ነው።

ይህን አከፋፈል የተቃወመው ኖኅ ዌብስተር የተባለ የኮኔቲከት ተወላጅ መምህር ነው። ዌብስተር በ1783፣ ብሪታንያ የአሜሪካን ነፃነት በውል ባጸደቀችበት ዓመት፣ በሃርትፎርድ ከተማ አንድ የፊደል መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ቃላት መከፈል ያለባቸው በላቲኑ ሕግ ሳይሆን በሚነገሩበት አኳኋን ነው በማለት «ሃብ-ኢት» እና «ክላስ-ተር» ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ተማሪው በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ተነባቢ ሲያይ አናባቢው አጭር መሆኑን ያውቃል፤ ተነባቢ ከሌለ ግን አናባቢውን አስረዝሞ ያነባል። «ና-ቲ-ኦን» ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ የነበረውንም ባዕድ መድረሻ አንድ ክፍለ ቃል አደረገው።

ሰማያዊ ልባስ ስለነበረው በልባሱ ቀለም ይታወቅ የነበረው ይህ መጽሐፍ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ቅጂ ተሸጠ። ዌብስተር በ1828 ወደ 70,000 የሚጠጉ ቃላት የያዘውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1843 ከሞተ በኋላም ስሙን የያዙት መዝገበ ቃላት የአሜሪካ ማተሚያ ቤቶች መመሪያ ሆነው ቀጠሉ። እንግዲህ በአሜሪካ የድምፁ መገጣጠሚያ አሸነፈ ለማለት ይቻላል።

በእንግሊዝ አገር ግን ጆሮ ብቻውን ዳኛ አልሆነም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበረው ሆራስ ሃርት በ1893 ለፊደል ለቃሚዎቹ ያዘጋጀው ደንብ በ1904 ለሕዝብ ሽያጭ ቀረበ። ይህ የኦክስፎርድ ልማድ የቃሉ አመጣጥ ግልጽ በሆነበት ሁሉ በትርጉሙ መክፈልን ይመርጣል። በዚህ መሠረት ከባቢ አየር የሆነው ቃል «አትሞ-ስፊር» (ትነትና ክበብ)፣ የሕይወት ታሪክ የሆነው «ባዮ-ግራፊ» (ሕይወትና ጽሕፈት) ይሆናል። አሜሪካዊው ግን «አት-ሞስ-ፊር»፣ «ባይ-ኦግ-ራ-ፊ» ብሎ ይከፍላቸዋል። በለንደንና በኒው ዮርክ የታተሙ ሁለት የምሕንድስና መጻሕፍትን ጎን ለጎን ያነበበ ባልደረባችን አንዱ ቃል በሁለት ልዩ ልዩ ቦታዎች ተቈርጦ ቢያገኝ የአራሚ ስሕተት አይምሰለው።

ሁለቱም ወገኖች ድክመት አለባቸው። ጆሮን ብቻ የተከተለ አከፋፈል አፈ ታሪክ ማለት የሆነውን ሌጀንድን «ሌግ-ኤንድ» ብሎ ይቈርጠዋል፤ ይህም በአጻጻፉ «የእግር ጫፍ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በሌላ በኩል ትርጉሙን የዘነጋ ሠራተኛ ሳይታሰብ ሰው መግደል ማለት የሆነውን ማንስሎተርን ከአንድ ፊደል በኋላ ቢቈርጠው፣ የቀሩት ፊደሎች ለብቻቸው ሲነበቡ ሳቅ ማለት ስለሆኑ ወንጀሉ «የሰው ሳቅ» ይሆንበታል።

የሳይንስ ቃላት ሲወለዱ

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ቃላት በዘመናት ብዛት መገጣጠሚያቸው የተሸፈነ ናቸው። የሳይንስ ቃላት ግን የተወለዱበት ቀንና አዋላጃቸው የሚታወቅ ስለሆነ መገጣጠሚያቸውን በእርግጠኝነት ለመናገር ይቻላል።

ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ለመጽሐፍ ጠራዥ ተቀጥሮ ከመሥራቱ በቀር የላቲንና የግሪክኛ ትምህርት አላገኘም። የኤሌክትሪክ ኃይል በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ለውጥ ሲመረምር ለአዲሶቹ ነገሮች አዲስ ስም አስፈለገው። ስለዚህ በ1834 በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ለነበረው ለዊልያም ዊወል ጽፎ ምክር ጠየቀ። ዊወል «ሳይንቲስት» የሚለውን ቃል ራሱን በ1830ዎቹ የፈጠረ ሰው ነው። አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚሉትን ቃላት ለፋራዴይ ያቀረበለት እርሱ ነው።

አኖድ «አና» (ወደ ላይ) እና «ሆዶስ» (መንገድ) ከሚሉት የግሪክኛ ቃላት፣ ካቶድ ደግሞ «ካታ» (ወደ ታች) እና ከዚሁ «ሆዶስ» የተገጣጠመ ነው። ፋራዴይ አስተሳሰቡን ሲያስረዳ የኤሌክትሪኩን ሞገድ ከፀሐይ ጕዞ ጋር አመሳስሎታል። ሞገዱ የሚገባበት አኖድ ፀሐይ የምትወጣበት መንገድ ነው፤ የሚወጣበት ካቶድ የምትጠልቅበት መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተማሪነቱ ዘመን እነዚህን ሁለት ቃላት በሽምደዳ ብቻ ስለያዛቸው በፈተና ላይ አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈበት ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። መውጣትና መጥለቅ መሆናቸውን ካወቀ በኋላ ግን አልተምታቱበትም።

የካቶድ መገጣጠሚያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። እንግሊዞች በቃሉ መካከል ያለውን ድምፅ የሚጽፉት ቲ እና ኤች በተባሉት ሁለት ፊደሎች ነው። በአመጣጡ ሲታይ ቲው የ«ካታ»፣ ኤቹ የ«ሆዶስ» ነው። የግሪክኛው «ት» ከ«ህ» ጋር ሲጋጠም ሁለቱ ቀልጠው አንድ ድምፅ ሆነዋል። እንግዲህ የትርጉሙ መገጣጠሚያ በአንድ ድምፅ ሆድ ውስጥ ስለገባ የትኛውም ፊደል ለቃሚ ሊቈርጠው አይችልም። በብየዳ የተያያዙ ሁለት ብረቶች እንደሚዋሐዱ ያለ ነው።

አዮን «የሚሄድ» ማለት ነው። ወደ ካቶድ የሚሄደው ካታዮን ተባለ፤ አጻጻፉ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል በኔሽን መጨረሻ እንዳለው ባዕድ መድረሻ ሆኖ ይጨርሳል። ስለዚህ ዌብስተር አንድ ክፍለ ቃል ያደረገውን መድረሻ የለመደ ተማሪ «ኬይሽን» ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ግን «ካት-አይ-ኦን» ነው። የትርጉሙን መገጣጠሚያ ያላወቀ ሰው ድምፁንም ይስታል ማለት ነው።

ሄሊኮፕተርና ባለ45 ፊደሉ ቃል

በ1861 ጉስታቭ ደ ፖንቶን ዳሜኩር የተባለ ፈረንሳዊ በሚሽከረከር ክንፍ የሚነሣ መሣሪያ አስቦ ሄሊኮፕተር የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከግሪክኛው «ሄሊክስ» (ጥምዝ) እና «ፕተሮን» (ክንፍ) የተገጣጠመ ነው። በትርጉሙ ሲከፈል «ሄሊኮ-ፕተር» ይሆናል። ነገር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክፍለ ቃልን በ«ፕት» መጀመር አይሆንለትም። ስለዚህ «ፕ» ወደ ፊተኛው ክፍል ተጠግታ «ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር» ሆነ።

ከዚህ የተከተለው ነገር ሊስተዋል ይገባዋል። ሕዝቡ የግሪኮቹን መገጣጠሚያ ስለማያውቅ ራሱ አዲስ መገጣጠሚያ አበጀ፤ ቃሉን «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ከፈለው። በ20ኛው መቶ ዘመን ከፊተኛው ቍራጭ ሄሊፖርት የሚል የማረፊያ ስም ተወለደ፤ የኋለኛውም ብቻውን የመሣሪያው አጭር መጠሪያ ሆነ። «ኮፕተር» በግሪክኛ የጥምዙ ጭራና ክንፉ የተጣበቁበት ስባሪ ነው፤ በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ሙሉ ትርጉም ያለው አካል ሆኗል። ከዚህም የምንረዳው የትርጉም መገጣጠሚያ ለዘለዓለም የተተከለ አለመሆኑን ነው። ተናጋሪው ሕዝብ ሲያንቀሳቅሰው ይንቀሳቀሳል።

በ1935 ደግሞ በአሜሪካ የቃላት እንቈቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኤቨረት ስሚዝ 45 ፊደሎች ያሉት የበሽታ ስም ፈጠረ። ኒውሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ ይባላል። በአፍ ሲነገር 19 ክፍለ ቃላት አሉት። በትርጉሙ ግን «ኒውሞኖ» (ሳንባ)፣ «አልትራ» (እጅግ ያለፈ)፣ «ማይክሮስኮፒክ» (በዓይን የማይታይ ጥቃቅን)፣ «ሲሊኮ» (ሲሊካ)፣ «ቮልካኖ» (እሳተ ገሞራ)፣ «ኮኒ» (ትቢያ) እና «ኦሲስ» (የሕመም ሁኔታ) የሚሉ ሰባት አካላት ናቸው። ቃሉ የተፈጠረው ለጨዋታ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ነገር ጨዋታ አይደለም። የሲሊካ ትቢያ በመተንፈስ የሚመጣው ሲሊኮሲስ በድንጋይ ፈላጮች፣ በዋሻ ቈፋሪዎችና በማዕድን ሠራተኞች ላይ የሚደርስ እውነተኛ የሳንባ በሽታ ነው። ሰባቱን አካላት የሚያውቅ የሥራ ኃላፊ ለሠራተኞቹ አደጋውን በአማርኛ ለማስረዳት ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም።

አሳሳች መገጣጠሚያ

ይሁን እንጂ የትርጉምን መገጣጠሚያ በግምት መያዝ አደገኛ ነው። በነዳጅና በቀለም በርሜሎች ላይ ይጻፍ የነበረው ኢንፍላመብል የሚለው ቃል ለዚህ ምስክር ነው። በእንግሊዝኛ «ኢን» የሚለው ባዕድ መነሻ ብዙ ጊዜ አፍራሽ ነው፤ ለምሳሌ የማይታየውን ኢንቪዚብል ይሉታል። ስለዚህ ኢንፍላመብልን ያየ ሰው «የማይቀጣጠል» ብሎ ቢረዳው አያስደንቅም። በላቲኑ ግን ይህኛው «ኢን» ሌላ ነው፤ «ወደ ውስጥ» የሚል ሲሆን ከ«ፍላማ» (ነበልባል) ጋር ሲጣመር በነበልባል ማያያዝ ማለት ይሆናል። ቃሉ እንግዲህ «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ማለት ነው። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ባዕድ መነሻዎች በመምታታታቸው የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህም የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፍላመብል የሚለው ያለመነሻ እንዲጻፍ መከረ። በዚህ ጊዜ ቋንቋው ለደኅንነት ሲባል ተሻሻለ።

ቃልን የሚከፍል ኮምፒዩተር

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር የነበረው ዶናልድ ክኑት የመጽሐፉ አዲስ እትም ለእርማት ሲቀርብለት የአጣጣሉ ጥራት ስላላረካው በ1977 ቴክ የተባለውን የመጽሐፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ኮምፒዩተሩ የመሥመሮችን ዳር ለማስተካከል ቃላትን መቍረጥ ነበረበት። የመጀመሪያው ዘዴ ባዕድ መነሻንና ባዕድ መድረሻን እየለየ የሚከፍል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተፈቀዱት የመቍረጫ ቦታዎች 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ያገኝ ነበር።

የክኑት ተማሪ የነበረው ፍራንክሊን ሊያንግ ሌላ መንገድ ፈለገ። ኮምፒዩተሩ ቃሉን እንዲሰማ ወይም እንዲረዳ አላስቸገረውም። በዌብስተር ስም ከሚጠራ የኪስ መዝገበ ቃላት የተቈረጡ ቃላትን ዝርዝር ሰጠውና፣ የትኞቹ ፊደሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ መቍረጥ እንደሚፈቀድና እንደሚከለከል ራሱ እንዲያወጣ አደረገ። ለእያንዳንዱ የፊደል ቅንጅት ቍጥር ይሰጣል፤ ጎዶሎ ቍጥር ይፈቅዳል፣ ሙሉ ቍጥር ይከለክላል፣ ሁለቱ ሲጋጩ የበለጠው ይረታል። በዚህ ዓይነት 4,447 ቅንጅቶች ተገኙ፤ እነዚህም በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ካሉት የመቍረጫ ቦታዎች 89 በመቶ ያህሉን ያለ ስሕተት ለማግኘት በቁ። ሊያንግ ይህን የዶክተርነት ጥናቱን ያቀረበው በ1983፣ የዌብስተር የፊደል መማሪያ ከታተመ በ200ኛው ዓመት ነው። ዘዴው ዛሬም ለብዙ ቋንቋዎች ያገለግላል።

ነገር ግን 14 ቃላት ከሕጉ ውጭ ለብቻቸው እንዲመዘገቡ ግድ ሆነ። ከእነዚህ አንዱ የእኛው የየዕለት ቃል ፕሮጀክት ነው። ይህ ቃል ስም ሲሆን የድምፁ ጫና በመጀመሪያው ላይ ስለሚያርፍ «ፕሮጅ-ኤክት» ተብሎ ይከፈላል፤ ግሥ ሲሆን ግን «ፕሮ-ጄክት» ነው። ፊደሎቹ አንድ ስለሆኑ ኮምፒዩተሩ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከመሳሳት ብሎ ሳይቈርጥ እንዲተወው ተደረገ።

ከእኛ ፊደል አኳያ

በብራና መጻሕፍታችን ቁም ጸሐፊው መሥመሩ ሲሞላ ቃሉን በደረሰበት ፊደል ላይ ያቋርጠዋል፤ ምልክትም አያደርግም። ይህን ለማድረግ የተቻለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለያዘ በየትም ቢቋረጥ ንባቡ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ ቃል ማለቁን የሚያስታውቀው ሁለት ነጥብ ስለሆነ፣ ሁለት ነጥብ ከሌለ ቃሉ ገና እንደሚቀጥል አንባቢው ያውቃል። እንግዲህ ዲልዎርዝንና ዌብስተርን ያከራከረው ጥያቄ በእኛ ዘንድ አልተነሣም።

ሆኖም የትርጉም መገጣጠሚያ በእኛም ፊደል ይሸፈናል። «ቤቴ» በሚለው ቃል ውስጥ «ቴ» አንድ ፊደል ናት፤ ግማሿ የ«ቤት» መጨረሻ፣ ግማሿ ደግሞ ባለቤትነትን የምታሳይ ባዕድ መድረሻ ናት። «መሐንዲሱ» ስንልም «ሱ» እንደዚሁ ሁለት ጌቶች አሏት። ይህ ከካቶድ መገጣጠሚያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እኛ ግን ቋንቋው የእናት ቋንቋችን ስለሆነ መገጣጠሚያውን ሳናይ እናውቀዋለን። «አልተሰበረም» የሚለውን ቃል «አል»፣ «ተ»፣ «ሰበረ»፣ «ም» ብሎ ለመፍታት ያስተማረን ማንም የለም።

ችግሩ ፊደላችን ያስለመደንን የድምፅ ንባብ ወደ እንግሊዝኛው ስንወስደው ነው። የባዕዱን ቃል በድምፁ እየቈራረጥን በቃላችን እንይዘዋለን፤ የትርጉሙን መገጣጠሚያ ግን የሚያሳየን የለም። በዚህም ምክንያት የሥራውን ነገር በሚገባ እያወቀ ስሙን ለረዳቱ በአማርኛ ማስረዳት የሚያቅተው ባለሙያ ጥቂት አይደለም። በአንጻሩ ግን ግንበኞቻችን «ውኃ ልክ» የሚሉትን መሣሪያ እንይ። ሁለቱም አካላቱ ግልጽ ናቸው፤ ማንኛውም ጀማሪ ስሙን ሲሰማ ሥራውን ይገምታል። ዊወል ለፋራዴይ ያደረገለትም ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ በግሪክኛ ማድረጉ ብቻ ነው።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በተለይም አዳዲስ ተመራቂዎችን የሚያሠለጥኑ ባልደረቦች ሁለት ነገሮችን ልማድ ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛው፣ አዲስ ቃል ሲገጥም ከአነባበቡ አስቀድሞ አካላቱን መጠየቅ፣ የተገመተውንም በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ነው፤ የኢንፍላመብል ታሪክ ግምት እንደማይበቃ አሳይቶናልና። ሁለተኛው፣ አካላቱን በአማርኛ ለረዳቱና ለሠራተኛው መንገር ነው። ለአንድ የውጭ ቃል የአማርኛ አቻ ለመሰየም የሚነሣ ሰውም ከዚሁ ቢጀምር የ«ውኃ ልክ»ን ያህል የሚነገርና የሚገባ ስም የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ፕሮጀክት የሚለውን ቃል ኮምፒዩተሩ ሳይከፍለው ትቶታል። እኛ ግን ልንከፍለው እንችላለን፤ በላቲን «ፕሮ» ወደ ፊት፣ «ጀክት» የተወረወረ ማለት ነው። ገና ያልተሠራን ነገር አስቀድሞ በሐሳብ ወደ ፊት መወርወር፣ ከዚያም ተከትሎ ሄዶ መድረስ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ትርጉሙን በውስጡ ይዞ በየዕለቱ በጠረጴዛችን ላይ የሚያልፈው ቃል ይህ ብቻ አይደለም።